ቁጣው ሩቅ፣ እርሱ ቅርብ

(በሰንበት ጉባኤ ላይ ከተሰጠ ትምህርት የተጻፈ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ስለ ትዕግሥት እንዳስተምር ስጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። በዚያው ሳምንት አባቴ ላይ ጮኼበት ነበርና አፌ አልታዘዝ አለኝ።

አባቴ 81 ዓመቱ ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ ነገር ይረሳል። መጀመሪያ የሚጠፋበት ቁልፍ ነበር። ቀጥሎ የሰው ስም። አሁን ቀኑም ሰዓቱም ይምታታበታል። ማታ ማታ፣ ልክ መብራት ሲበራ፣ አንድ ጥያቄ ይጀምራል፦ «እናትህ ከገበያ አልተመለሰችም እንዴ?» እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት።

የዚያን ዕለት ማታ ደክሞኝ ነው የገባሁት። ምሳም አልበላሁም ነበር። እራት ሳቀርብ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ጋቢውን አስተካክሎ ትንሽ ቆየና እንደ አዲስ ጠየቀኝ። መለስኩለት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ «አባባ፣ ሞታለች! ስንት ጊዜ ልንገርህ?» ብዬ ጮህኩ።

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ለእርሱ መርዶው ያን ጊዜ የደረሰው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ያለቀሰውን ልቅሶ ፊቴ ተቀምጦ እንደገና አለቀሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ረሳው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዛሬ የምናገረው ያን ማታ ይዤ ነው።

እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ከእኔ በፊትም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ200 ዓ.ም. አካባቢ በቅርጣግና፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ፣ ጠርጡልያኖስ የሚባል ጸሐፊ ነበር። ስለ ትዕግሥት ሲጽፍ ከሁሉ አስቀድሞ የተናዘዘው ራሱ ትዕግሥት የሌለው መሆኑን ነው። ሕመምተኛ ስለ ጤና ማውራት ደስ እንደሚለው፣ እኔም የሌለኝን አወራለሁ አለ። ይህን ሰው ሳስበው አዝናለሁ። ዓመታት ቆይቶ ከቤተ ክርስቲያን ከተለዩት ከሞንታኖስ ተከታዮች ጋር ሆነ። ከጥምቀት በኋላ ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው በቤተ ክርስቲያን ይቅር መባል የለበትም ብሎ እስከ መከራከርም ደረሰ። ስለ ትዕግሥት ያን ሁሉ የጻፈ ሰው በመጨረሻ የወደቀ ወንድምን መታገሥ አቃተው። ስለዚህ ስለ ትዕግሥት ማወቅና መታገሥ እንደሚለያዩ ከእርሱ እማራለሁ።

እዚያው ከተማ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ኤጲስ ቆጶሱ ቆጵርያኖስም ስለ ትዕግሥት ጽፏል። ጊዜው 256 ዓ.ም. ነው። ከመናፍቃን የተመለሰ ሰው ዳግመኛ ይጠመቅ ወይስ አይጠመቅ በሚለው ነገር ከሮሙ ጳጳስ ጋር ክርክሩ የጦፈበት ጊዜ ነበር። ሁለቱም ወገን ተቆጥቷል። ቆጵርያኖስ በዚያ ጭቅጭቅ መሃል ቁጭ ብሎ ስለ ትዕግሥት ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ258 ዓ.ም.፣ ስለ ክርስቶስ አንገቱን ሰጠ።

አሁን ወደ ቃሉ ልግባ። ዳዊት የምትደግሙ ሰዎች 102ኛውን መዝሙር ታውቁታላችሁ። «መሓሪ ወመስተሣህል እግዚአብሔር፣ ርኁቀ መዓት ወብዙኀ ምሕረት።» ይህችን «ርኁቀ መዓት» የምትለዋን ቃል ስንት ዓመት ደግሜያታለሁ። ቆም ብዬ ያየኋት ግን በቅርቡ ነው። ርኁቀ መዓት ማለት ቁጣው የራቀ ማለት ነው።

ዕብራውያን ይህንኑ «አፍንጫው ረጅም» ብለው ነው የሚናገሩት። በቋንቋቸው አፍንጫና ቁጣ አንድ ቃል ናቸው። የተቆጣ ሰው ትንፋሹ ቁና ቁና ይላልና። እኛ ደግሞ በአማርኛ ታጋሹን «ሆደ ሰፊ» እንለዋለን። ደስ የሚል ቃል ነው። ግን አንድ ስጋት አለኝ። ሰፊ ሆድ ብዙ ነገር ያስቀምጣል። የተቀመጠ ነገር ደግሞ ይሻግታል። ስለዚህ እኔ ለግእዙ አደላለሁ። ግእዙ ቁጣውን ሆድ ውስጥ አያስቀምጠውም፤ ያርቀዋል።

ልብ በሉ፣ የራቀው ቁጣው ነው። እግዚአብሔር አልራቀም። እዚያው ዳዊት ላይ «እግዚአብሔር ልባቸው ለተሰበረ ቅርብ ነው» ይላል። ቁጣው ሩቅ፣ እርሱ ቅርብ። ዛሬ ያለኝ ነገር ይኸው ነው።

እኛ ስንቀየም የምናደርገው ግልብጡን ነው። ሰውየውን እናርቀዋለን። ቁጣውን እናስጠጋለን። ስሙም ኩርፊያ ይባላል። ባልና ሚስት ሁለት ሳምንት አይነጋገሩም። ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል። ልብሱ ይታጠባል። ቃል ግን የለም። መልእክቱ በልጅ በኩል ነው፦ «ለአባትሽ እራት ቀርቧል በይው።» አባትየው ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ግራ ገብቷት «አባዬ፣ እራት ቀርቧል» ትላለች። እናትየው ስትጠየቅ «ምን ላድርግ፣ ታግሼ ነው እንጂ» ትላለች። አባትየውም ሲጠየቅ ያንኑ ይላል። ሁለቱም ታግሠዋል። ልጅቷ ግን በዚያ ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር እንዳለ ታውቃለች።

ይህን የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አባታችንን ማን ይጠብቀው በሚለው ከወንድሜ ጋር ተቀያይመን ስምንት ወር አልተነጋገርንም። ሰው ሲጠይቀኝ «ችዬው ነው» እል ነበር። ውሸቴን ነው። ማታ ማታ ለአባቴ ትራሱን ሳስተካክል በልቤ ለወንድሜ ንግግር አደርጋለሁ። ጥፋቱን በተራ እቆጥርለታለሁ። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን ከወንድሜ ጋር አልተገናኘሁም፤ ከቁጣዬ ጋር ግን በየማታው እገናኝ ነበር። አፌ ዝም ስላለ ታጋሽ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 18 ላይ የነገረን የሁለት ባለዕዳዎች ታሪክ አለ። አንዱ ለንጉሡ 10,000 መክሊት ዕዳ አለበት። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነው። አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። አስሉት፤ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይመጣል። ማንም ኖሮ አይጨርሰውም። ሰውየው ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፥ ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» አለ። ጊዜ ለመነ። ንጉሡ ግን ጊዜ አልሰጠውም፤ ዕዳውን ጭራሽ ተወለት።

ሰውየው ሲወጣ 100 ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አገኘ። የሦስት ወር ከምናምን ደመወዝ ነው። አነቀው። ባልንጀራውም ተንበርክኮ የለመነው በዚያው ቃል ነው፦ «ታገሠኝ።» ይህ ቃል ጠዋት ከራሱ አፍ ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው አላወቀውም። እኔን የሚያስደነግጠኝ እዚህ ላይ ነው። ከቅዳሴ ወጥቼ ታክሲ ሳልሳፈር ስንት ጊዜ ያንኑ ሰውዬ ሆኛለሁ!

እንግዲህ ቁጣውን አርቄ ከሰውየው ቀረብኩ እንበል። ቀርቤስ ምን ላድርግ? ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ሲባል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለናል። ሉቃስ 13 ላይ ያለችው በለስ ይህን አሳብ ከእኔ አውጥታልኛለች። ባለቤቱ ሦስት ዓመት እየመጣ ፍሬ አጣባት። «ቍረጣት» አለ። መቁረጥ መብቱ ነው፤ ንዴቱም እውነት አለው። አትክልተኛው ምን አለ? «ዙሪያዋን እስክኰተኵትላትና ፋንድያ እስካፈስላት ድረስ በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት።»

ፋንድያ! የአትክልተኛው ትዕግሥት እጁን ያቆሽሻል። ወገቡን ያጎብጣል። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ፍግ ተሸክሞ ማሳ መውጣት ልብስ ላይ የሚቀር ሥራ ነው። አትክልተኛው «እስቲ እንያት» ብሎ ጥላ ሥር አልተቀመጠም። እስከ ዛሬ ያልተደረገላት ምን አለ ብሎ ነው ያሰበው። እኔ ልጄ ሒሳብ አልገባ ሲለው ስንት ጊዜ ያንኑ ነገር በዚያው ቃል፣ ድምፄን ብቻ ከፍ አድርጌ ደግሜለታለሁ። ያ መኮትኮት አይደለም። ባቄላ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ እየቆጠሩ ማሳየት፣ እርሱ ነው መኮትኮት።

ደግሞ ልብ በሉ። አትክልተኛው «ለዘላለም ተዋት» አላለም። «በዚች ዓመት» አለ። «ያለዚያ ግን ትቈርጣታለህ» አለ። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። እስከ አሁን ከተናገርኩት ሁሉ ይህኛው እንዳያመልጣችሁ እለምናለሁ።

በእኛ ሰፈር፣ በእኛ ቤት፣ ትዕግሥት የሚለው ቃል ብዙ ሴቶችን ጎድቷል። ባሏ የሚመታት ሴት ወደ ሽማግሌ ትሄዳለች። «ታገሺ ልጄ፣ ትዳር እንዲህ ነው» ትባላለች። ወደ እናቷ ትሄዳለች። «እኛም ችለን ነው ያሳደግናችሁ» ትባላለች። ዓይኗ አብጦ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ትቆማለች። እኛም አይተን እንዳላየን እናልፋለን። ይህ ትዕግሥት አይደለም። ይህን ትዕግሥት ብሎ መጥራት የእግዚአብሔርን መልክ ማበላሸት ነው።

ክርስቶስን እዩት። ከእርሱ የሚበልጥ ታጋሽ የለም። በሊቀ ካህናቱ ፊት አንዱ ሎሌ በጥፊ መታው። ዝም አለ? አላለም። ዮሐንስ 18 ላይ ተጽፏል፦ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አልተሳደበም፤ አልመታም። ዱላውን ግን ልክ ነው ብሎ አልተቀበለም። ፊት ለፊት ጠየቀ። የምትመታ እኅቴ ሆይ፣ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብለሽ መጠየቅ፣ ከዚያ ቤት መውጣት፣ ሕግ ፊት መቆም ከትዕግሥት አያጎድልሽም። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ታገሥ የሚባለው ዱላ የሚያነሣው ሰው ነው። ቁጣውን ማራቅ ያለበት እርሱ ነውና።

ወደ ልምምዱ ልመለስ። ትዕግሥትን እንዴት ነው የምንለምደው? እኔ የማውቀው ጥቂት ነገር ነው።

አንደኛው ነገር መንፈሳዊ አይመስልም። ያን ማታ የጮህኩት ደክሞኝና ርቦኝ ነው። ነቢዩ ኤልያስ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ እግዚአብሔር ወቀሳ አላመጣበትም። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነው የላከለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ተቀሰቀሰ፣ በላ። ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ለወንድሜ ደወልኩ። ከስምንት ወር በኋላ ስልኩ ሲጠራ ልቤ እንዴት እንደ መታ! «ብቻዬን አልቻልኩም» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «መቼ ልምጣ?» አለ። በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ቀረ። አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ይመጣል። እነዚያን ሁለት ቀናት እተኛለሁ። ረቡዕ ጠዋት ከአባቴ ጋር ስገናኝ ሌላ ሰው ነኝ።

ጾምም አለን። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሆዳችን «አሁን» ሲል «ቆይ» እንለዋለን። ለምላስም፣ ለእጅም «ቆይ» ማለት የሚለመደው እዚያ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን በጾም ነው የሚብስብን። «ጾም ላይ ነኝ፣ አትነካካኝ» እንላለን። ሥጋውን ትተን የሰው ሥጋ የምንበላ ከሆነ ገና አልጀመርንም።

አሁን ደግሞ አንድ ታሪክ። ጥቅምት 20 ቀን ዕረፍቱን የምናስበው ዮሐንስ ሐፂር አለ። ሐፂር ማለት አጭር ማለት ነው፤ በቁመቱ ነው የተጠራው። ግብፅ ውስጥ በአስቄጥስ በረሃ የኖረ መነኩሴ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የደረቀውን እንጨት ታሪክ ነው። መምህሩ እንጨት ተክሎ «ውኃ አጠጣው» አለው። ውኃው ሩቅ ነበር። ሦስት ዓመት አጠጣው፤ ለመለመና አፈራ። የሚያምር ታሪክ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። ያ መምህሩ ታመመ። ዮሐንስም 12 ዓመት አስታመመው። ባስታመመው ጊዜ ሁሉ ሽማግሌው አንዲት የምስጋና ቃል አልሰጠውም። ሊሞት ሲል ግን አረጋውያኑ ተሰብስበው ሳለ እጁን ያዘው። «ይህ መልአክ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ብሎ አደራ ሰጣቸው።

12 ዓመት! እኔ ገና በአራተኛው ዓመት ላይ ሆኜ ምስጋና ቀረብኝ ብዬ አኩርፌ ነበር። አባቴ ማን እንደሚያጥበው እንኳ አንዳንድ ቀን አያውቅም። ታዲያ ማንን ነው የማኮርፈው? ግን አንድ ነገር ልጨምር። የመምህሩ ዝምታ ይከብደኛል። ቀድሞ ቢያመሰግነው እወድ ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁ መካከል ሰው የሚያስታምማችሁ ካላችሁ፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን አትጠብቁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» በሉ።

መዳኛ የሆነኝን ነገር ያገኘሁት ጸሎት ላይ ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ እንላለን። በጣታችን አንጓ እየቆጠርን፣ አንዳንዴም አሳባችን ገበያ ወጥቶ። አንድ ቀን ሠላሳዎቹ ላይ ስደርስ ድንገት አባቴ ትዝ አለኝ። እኔም እኮ ያንኑ አንድ ነገር ደጋግሜ እየጠየቅኩ ነው! ዛሬ 41 ጊዜ። ነገ 41 ጊዜ። ትናንት የተሰጠኝን ረስቼ። እግዚአብሔር «ስንት ጊዜ ልንገርህ?» ብሎኝ አያውቅም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። «አባታችን፣ ምን ብዬ ልመልስለት? ሞታለች ብለው ያለቅሳል። ትመጣለች ብለው ውሸት ይሆንብኛል» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «አንተ ለምን ትመልሳለህ? ስለ እርሷ ጠይቀው እንጂ፣ እርሱ ይንገርህ» አሉኝ።

ለካ ኩትኳቶው ይሄ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ለጥያቄው መልስ ስፈልግ፣ የሚጠይቀውን ሰው አልጠየቅኩትም።

አሁንም የሚያቅተኝ ቀን አለ። ባለፈው ሳምንት በር ዘግቼበት ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። ተመልሼ ገባሁ።

ትናንት ማታ ደግሞ መብራት ሲበራ ጠየቀኝ። «እናትህ ከገበያ አልተመለሰችም እንዴ?»

«ምን ልትገዛ ነው የሄደችው አባባ?» አልኩት።

ፊቱ ፈካ። በርበሬ አለ። ጌሾ አለ። ለልጆቹም ሸንኮራ፤ እርሷ ሸንኮራ ሳትይዝ አትገባም አለኝ። መጀመሪያ ያያትም እዚያው ገበያ፣ የቅመም ተራ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ይህን በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በርበሬ እያሸተተች ነበር አለ። አስነጠሳት፤ እርሱም «ይማርሽ» አላት።

ከዚያ ትንሽ ዝም አልን። አባቴ በሩን አየ። እኔን አየኝ። ወንበሩ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና የጋቢውን ግማሽ ገለጠው።

«ና፣ ብርድ ነው» አለኝ። «እስክትመጣ አብረን እንጠብቃት።»